ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ፤ ሕመሙና ባልንጀራው

በየዓመቱ ጥር 6 ቀን ዕረፍቱ በስንክሳር የሚታሰበውና ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በካህናት ዘንድ እጅግ የታወቀ አባት ነው። ሃይማኖቱ ይነገራል፤ ድርሰቱ ይተረጐማል፤ ከአርዮሳውያን ጋር ያደረገው ተጋድሎም አይዘነጋም። ሥጋውን ግን ብዙዎቻችን አናስበውም። ይህ ታላቅ አባት ከወጣትነቱ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ሕመምተኛ ነበረ። ጉበቱ ያሠቃየው፥ ትኩሳትም ይመላለስበት ነበር፤ ብርዱ በበረታ ጊዜ ከቤት ለመውጣት አቅም የሚያጣበት ወራት ብዙ ነው።

ዜና ሕይወቱን በዚህ በኩል ለመጻፍ ያነሣሣን በምዕራብ ጎጃም፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች ዘወትር የምንሰማው ነገር ነው። ሰው በታመመ ጊዜ አንዱ ወደ ጠበል ይሂድ ይላል፤ ሌላው ሐኪም ይየው ይላል፤ በሁለቱ ክርክር መካከል በሽተኛው ይጐዳል። ኦፕራሲዮን ሆኖ የተመለሰ እንደ ሆነም በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ቊስሉ ገና ሳይጠና ውኃ የሚያቀብለው ሰው ያጣል። ስለ ሁለቱም ነገር ከዚህ አባት ሕይወት የምንማረው አለ። ስለ እርሱ የምንጽፈው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ባስልዮስ በ330 ዓ.ም. ገደማ በቀጰዶቅያ ተወለደ። አባቱ እንደ እርሱው ባስልዮስ የሚባል የንግግር ጥበብ መምህር ነበረ፤ እናቱም ኤሚልያ ትባላለች። ከወንድሞቹ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስና የሰብስጥያው ጴጥሮስ ለኤጲስ ቆጶስነት በቅተዋል። ቤቱን በምክርና በጸሎት ያቀናችው ግን ታላቅ እኅታቸው ማክሪና ናት። ስለ እርስዋ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ የጻፈው አንድ ነገር ከጉዳያችን ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ እንናገረዋለን።

በማክሪና ጡት ላይ ክፉ እብጠት ወጣባት። ሐኪሞችም በምላጭ ተቈርጦ ካልወጣ ወደ ልብ ዘልቆ እንደሚገድላት ያስቡ ነበር። እናትዋ ራስዋን ለሐኪም እንድታሳይ አጥብቃ ለመነቻት፤ እርስዋ ግን ሰውነትዋን ለባዕድ ዓይን መግለጥ ከሕመሙ ይልቅ ከበዳት። ሌሊቱን በጸሎት ቤት ወድቃ ስታለቅስ አደረች፤ እንባዋ ያራሰውንም አፈር ለቊስልዋ መድኃኒት አደረገችው። ከዚያም እናትዋ በገዛ እጅዋ በሕመሙ ላይ በትእምርተ መስቀል እንድታማትብላት ለመነቻት፤ እናትዋም ባማተበች ጊዜ እብጠቱ ጠፋ። በስፍራው አንዲት ትንሽ ምልክት ብቻ ቀረች። ከብዙ ዘመን በኋላ ማክሪና ዐርፋ ሥጋዋ ሲገነዝ ያችን ምልክት ለወንድምዋ በመብራት አሳዩት።

ይህን ብቻ አንብቦ ሐኪምን የሚንቅ ሰው ይኖር ይሆናል። የዚያችው ቅድስት ወንድም ባስልዮስ ግን ለበሽተኞች ቤት ሠርቶ ሐኪሞችን አኖረ። አንዱ ቤት፥ አንዱ ማዕድ ሁለቱንም አሳደገ፤ ባስልዮስ እኅቱን አልነቀፈም፤ እርስዋም የወንድምዋን ሥራ እንደ እምነት ማጣት አልቈጠረችበትም። ደግሞም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ማክሪና ምላጩን ብትሸሽም የእናትዋን እጅ አልሸሸችም።

ባስልዮስ ለትምህርት ወደ አቴና በሄደ ጊዜ ከቀጰዶቅያ የመጣውን ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙን አገኘ። ቀድሞ በቂሣርያም ይተዋወቁ ነበር፤ በአቴና ግን አንድ ቤት፥ አንድ ማዕድ፥ አንድ ትምህርት አጣመራቸው። በጎጃም ቅኔ ቤት የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች በአንዲት ጎጆ ያድራሉ፤ በአኩፋዳ የለመኑትን ቊራሽ በአንድነት ይበላሉ። ከመካከላቸው አንዱ በንዳድ የወደቀ እንደ ሆነ እናቱም አባቱም ያ አብሮት ቀለም የሚቀጽለው ባልንጀራው ነው። የእርሱን ድርሻ ጨምሮ ይለምንለታል፤ አጥሚት ያፈላለታል፤ ደበሎውን አልብሶት ራሱ በብርድ ያድራል። በእንደዚህ ያለ እጅ ከሞት የተረፉና ኋላ መምህራን የሆኑ ሰዎችን እኛም እናውቃለን።

ጎርጎርዮስ እንደሚመሰክረው ባስልዮስ በአቴና ከተማራቸው ጥበባት አንዱ ሕክምና ነው። ወደዚህ ጥበብ የመራው የገዛ ሥጋው ድካምና በሽተኞችን ለመርዳት የነበረው አሳብ ነው። ኋላም በገዳም ለተሰበሰቡ ወንድሞች ሥርዓት በጻፈ ጊዜ ሐኪም መፈለግ ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋር ይስማማል ወይ የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ በሰፊው መለሰ። እርሻና ሽመና ለሰው ልጅ ድካም እንደ ተሰጡ ሁሉ ሕክምናም ከእግዚአብሔር የተሰጠ እርዳታ እንደ ሆነ፥ ዕፀዋትም በከንቱ እንዳልበቀሉ አስተማረ። የሚቈርጠውን ምላጭ፥ የሚተኵሰውን ብረትና የሚመርረውን መድኃኒት በትዕግሥት መቀበል እንደሚገባ ጻፈ። ይሁን እንጂ ተስፋን ሁሉ በሐኪም እጅ ላይ መጣልን ከለከለ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ከበለስ በተደረገው ልጥፍ ዳነ፤ ነገር ግን ያዳነው በለሱ ነው ብሎ አላሰበም። በአጥቢያችን ስለ ጠበልና ስለ ሆስፒታል የሚከራከሩ ወንድሞች ይህን ሥርዓት ቢያነቡት ክርክራቸው ባጠረ ነበር።

ከአቴና በኋላ ባስልዮስ በጳንጦስ በወንዝ ዳር በብሕትውና ኖረ፤ ጎርጎርዮስም እየመጣ አብሮት ይጸልይና ይሠራ ነበር። ቀጥሎ ቅስና ተሾመ። በ369 ዓ.ም. ገደማ በቀጰዶቅያ ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ የባለጠጎችን ጐተራ በስብከቱ አስከፈተ፤ ወገቡን ታጥቆም ለረኃብተኞች የተቀቀለ ጥራጥሬ በገዛ እጁ አደለ።

በ370 ዓ.ም. የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ ዐረፈ። በዚህ ጊዜ በሁለቱ ባልንጀሮች መካከል አሳዛኝ ነገር ሆነ። ባስልዮስ እጅግ እንደ ታመመና ለሞት እንደ ተቃረበ ገልጾ ጎርጎርዮስ ፈጥኖ እንዲመጣ ላከበት። ጎርጎርዮስም እያለቀሰ ጓዙን ጭኖ ተነሣ። በመንገድ ሳለ ግን ኤጲስ ቆጶሳት ለምርጫ ወደ ቂሣርያ እየተሰበሰቡ መሆናቸውን ሰማ። የተጠራው ለሹመት ጉዳይ እንደ ሆነ ስለ ገመተ እጅግ አዝኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ወቀሳውንም ጽፎ ላከ። ባስልዮስ በዚያን ሰሞን ታሞ ነበረ ብለን እናምናለን፤ ሳይታመም የዋለበት ጊዜ ጥቂት ነውና። ነገር ግን በሕመሙ ላይ ሌላ ጉዳይ ጨምሮበት ከሆነ ወቀሳው የተገባ ነው። የታመመ ሰው ባልንጀራውን በሕመሙ ምክንያት ሲጠራ ባልንጀራው ልቡን ይዞ ይመጣል፤ ያን ልብ ለሌላ ነገር መጠቀም ለቅዱሳንም አይገባም።

ጎርጎርዮስ ቢመለስም የባልንጀራውን ነገር አልተወም። ዕድሜው ወደ ዘጠና ዓመት የደረሰውና ታሞ የተኛው አባቱ፥ የእንዚናዙ ኤጲስ ቆጶስ፥ ለባስልዮስ ድምፁን ሊሰጥ ተነሣ። ሽማግሌውን እንደ ሬሳ በቃሬዛ ላይ አስተኝተው ተሸክመው ወደ ቂሣርያ ወሰዱት። ባስልዮስም ተመረጠ። በቃሬዛ የሄደው ሽማግሌ ጐልምሶ እንደ ጤነኛ ተመለሰ ይላል ልጁ በጻፈው ዜና።

ባስልዮስ ከተሾመ በኋላ ያደረገው ታላቅ ሥራ ከከተማው ወጣ ባለ ስፍራ የሠራው የእንግዶች፥ የድኾችና የሕሙማን ማረፊያ ነው። ኋላ በስሙ ባስልያስ ተባለ። ወሬኞች በአገረ ገዢው ፊት በከሰሱት ጊዜ ለአገረ ገዢው ለኤልያስ በላከው ደብዳቤ የቤቱን ሥራ ዘርዝሮ ገልጾአል። በዚያ በሽተኛ የሚያስታምሙ ሰዎችና ሐኪሞች ነበሩ፤ ከእነርሱም ጋር የጭነት ከብቶችና መንገደኛን የሚሸኙ ሰዎች ነበሩ። ሐኪምና መድኃኒት ያለበትን ቤት ብዙ ሰው ያስበዋል፤ በሽተኛ እንዴት እንደሚመጣና ማን እንደሚሸኘው የሚያስብ ግን ራሱ ታሞ የሚያውቅ ሰው ነው። ሁሉ ይሸሻቸው የነበሩትን ለምጻሞችም ወደዚህ አስገባቸው፤ እርሱም እንደ ወንድሞቹ አቅፎ ይስማቸው ነበር።

የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገበሬ ይህን የጭነት ከብትና የሸኚ ነገር ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። ከመኪና መንገድ ርቆ በሚገኝ መንደር ሰው በጠና ሲታመም ጐረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ፥ በየዳገቱ ትከሻ እየተለዋወጠ ያወርደዋል። ከዚያ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፥ የባሰ እንደ ሆነም ወደ ባሕር ዳር ይወሰዳል። በዚህስ ሕዝባችን የሚታማ አይደለም። የሚደክመው ከመልስ በኋላ ነው። ሆዱ ተቀዶ የተሰፋ ገበሬ ለብዙ ሳምንት ሞፈር መጨበጥና ሸክም ማንሣት አይችልም፤ ዝናቡ ግን አይጠብቀውም። አፍሮ ከተነሣ ስፌቱ ይፈታል። ለእርሱ የሚሻለው በየዕለቱ እየመጣ ከሚያጽናናው ሰው ይልቅ ደቦ ወጥቶ መሬቱን የሚያርስለት የማኅበር ጓደኛው ነው። ደቦውን ሳይፈራና ሳያፍር መቀበልም የበሽተኛው ፈንታ ነው፤ ይህም በአገራችን ሰው ዘንድ ከመስጠት ይልቅ ይከብዳል።

ባስልዮስ ይህን መቀበል ያውቅ ነበር። ለሳሞሳታው ኤጲስ ቆጶስ ለአውሳብዮስ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ሕመሙን አይሸሽግም። በ373 ዓ.ም. ኀምሳ ቀን ያህል ታሞ ሰውነቱ በትኩሳት እጅግ መድከሙን ገልጾለታል፤ ለፈውስም ወደ ፍል ውኃ ወርዶ ነበር። ጸሎቱን ይለምነዋል፤ ሊያየው መናፈቁንም ይነግረዋል። ሊቀ ጳጳስ ነኝ፥ ድካሜ ለምን ይሰማል አላለም።

ይህ ደካማ ሥጋ ግን ለነገሥታት አልተንበረከከም። በ372 ዓ.ም. የአርዮስን ትምህርት የያዘው ንጉሥ ዋሌንስ በሹማምቱ በኩል ሊያስፈራው ሞክሮ አልቻለም። ሌላ ጊዜም አንድ የጳንጦስ ሹም፥ ልታገባ ያልወደደችውን ሰው ሸሽታ በመሠዊያው የተጠጋችን አንዲት መበለት አሳልፎ እንዲሰጥ አስገድዶት እንቢ ባለ ጊዜ ጉበቱን አውጥቶ እንደሚጥለው ዛተበት። ባስልዮስም ይህ ጉበት ሲያሠቃየው የኖረ ስለ ሆነ ቢያወጣለት ታላቅ ውለታ እንደሚውልለት መለሰለት። የከተማው ሕዝብ ይህን ሰምቶ ወንዱ የሥራ መሣሪያውን፥ ሴቱም እንዝርቱን ይዞ በወጣ ጊዜ ያን ሹም ከሕዝቡ እጅ ያዳነው ራሱ ባስልዮስ ነው።

በሀገራችንም በደዌ ጊዜ ያልተለያዩ ባልንጀሮች አሉ። በጣና ዙሪያና በዘጌ ማኅበራትን ያቋቋመችው እናታችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ከተገናኙበት ቀን ጀምሮ ስደቱንም ረኃቡንም በአንድነት አሳልፈዋል። ወለተ ጴጥሮስ ሦስት ወር ያህል ታማ በእኛ አቈጣጠር ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች፤ ማኅበሩን የተረከበችውም ያች የዕድሜ ልክ ባልንጀራዋ ናት።

ወደ ባስልዮስ እንመለስ። በ372 ዓ.ም. ጎርጎርዮስን ሳሲማ በምትባል አቧራማና ውኃ በሌላት የመንገድ መንደር ላይ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው፤ ጎርጎርዮስም እጅግ ተቀየመ። ቅሬታው ፈጽሞ አልሻረም፤ ፍቅሩ ግን ከቅሬታው በለጠ። ባስልዮስ ጥር 1 ቀን 379 ዓ.ም. በአውሮጳውያን አቈጣጠር ሃምሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዐረፈ። ለቀብሩ የወጣው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ በግፊያ የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ጎርጎርዮስ ግን በዚያ አልተገኘም። በሴሌውቅያ በጠና ታሞ ተኝቶ ነበርና የባልንጀራውን ሥጋ ሊሳለም አልቻለም፤ ስለዚህም ሐዘኑን ለወንድሙ ለጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ጻፈለት።

ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ፥ የቍስጥንጥንያን መንበር ትቶ ወደ አገሩ ሲመለስ፥ ያ በሕመም የቀረ ልቅሶ ተፈጸመ። ጎርጎርዮስ ሰውነቱ እንደ ደከመ በቂሣርያ ሕዝብ ፊት ቆሞ ስለ ባልንጀራው ረጅም ንግግር አደረገ። የአቴናን ዘመን፥ የረኃቡን ጊዜ፥ የጉበቱን ነገር ሁሉ ተረከ፤ የሳሲማንም ቅሬታ አልሸሸገም። ስለ ሕሙማኑ ቤት ለመናገር በደረሰ ጊዜ ግን ሰሚዎቹን ከከተማው ጥቂት ወጥተው አዲሲቱን ከተማ በዓይናቸው እንዲያዩ አዘዛቸው።