ልብን ያረጋጋው ሰውዬ

ለቀዶ ሕክምና የገባ ሰው ማደንዘዣ ተሰጥቶት ከተኛ በኋላ ባለሙያው መብራት ባለው መሣሪያ ምላሱን ገፋ አድርጎ የመተንፈሻ ቱቦ በጉሮሮው ያስገባለታል። ታካሚው ምንም አያውቅም፤ ልቡ ግን ያውቃል። ጉሮሮው ሲነካ ሰውነቱ አድሬናሊንና መሰል ኬሚካሎችን ይለቃል፣ የልብ ምቱ ይሮጣል፣ የደም ግፊቱ ያሻቅባል። ጤነኛ ወጣት ከሆነ ለጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያልፍለታል። የልቡ ደም ሥር ለጠበበ ወይም አንጎሉ ውስጥ ያለው ደም ሥር እንደ ፊኛ ለተነፋ ሰው ግን እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ሊገድሉት ይችላሉ። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ ቀደም ብሎ ፌንታኒል፣ ሊዶኬይን ወይም ኤስሞሎል በደም ሥሩ ሊሰጠው ይችላል። ኤስሞሎል ቤታ ብሎከር ከሚባለው የመድኃኒት ቤተሰብ ነው። የዚህ ቤተሰብ አባት ደግሞ ጄምስ ብላክ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው።

ብላክ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው)። አባቱ የከሰል ማዕድን መሐንዲስ ነበር። በሴንት አንድሪውስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1946 ቢመረቅም በሽተኛ የማከም ሥራ አልሳበውም። ልቡ ምርምር ላይ ነበር። ችግሩ፣ የትምህርት ዕዳ ነበረበት። ዕዳውን ለመክፈል ሲንጋፖር ሄዶ አስተማረ፤ ሲመለስ በግላስጎው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ተቀጠረ። አዎ፣ የእንስሳት! የሰውን ልብ ሕክምና የቀየረው ሐሳብ የበሰለው እዚያ ነው።

ሐሳቡ ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው በጣም ይጥማል። የደረት ውጋት ያለበት ሰው ችግር የአቅርቦትና የፍላጎት አለመመጣጠን ነው፤ የልቡ ጡንቻ የሚፈልገው ኦክስጅን በጠበበው ደም ሥር ከሚደርሰው ይበልጣል። የዘመኑ ተመራማሪዎች አቅርቦቱን ለመጨመር፣ ማለትም ደም ሥሩን ለማስፋት ይደክሙ ነበር። የደነደነ ደም ሥር ደግሞ በቀላሉ አይሰፋም። ብላክ ነገሩን ከሌላኛው ጫፍ ያዘው፦ አቅርቦቱ ካልጨመረ ፍላጎቱ ይቀንስ። ልብን የሚያስሮጠው አድሬናሊን ከሆነ፣ አድሬናሊኑ ልብ ላይ እንዳያርፍ ማድረግ ነው።

ግን የት ላይ ነው የሚያርፈው? ሬይመንድ አልክዊስት የሚባል አሜሪካዊ በ1948 አድሬናሊን አልፋና ቤታ በተባሉ ሁለት ዓይነት ተቀባዮች በኩል እንደሚሠራ ጽፎ ነበር፤ ለዓመታት ብዙም ሰሚ አላገኘም። ብላክ ይህን ጽሑፍ ይዞ በ1958 አይ.ሲ.አይ. ወደተባለው የእንግሊዝ የኬሚካል ኩባንያ ገባ። የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ፕሮኔታሎል፣ ሠራ፤ ግን አይጦች ላይ ዕጢ ስላመጣ ተጣለ። ቀጥሎ ፕሮፕራኖሎል መጣ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ገበያ ላይ ዋለ፤ የደም ግፊትንም እንደሚቀንስ የታየው ሰው ላይ ሲሞከር ነው። (በነገራችን ላይ፣ መድረክ ላይ ስትወጡ እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ይህንኑ ክኒን ከጓደኛ ተቀብላችሁ ልትውጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ተዉት። አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧ ሊዘጋበት ይችላል።)

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ተደላድሎ ይቀመጥ ነበር። ብላክ በ1964 ኩባንያውን ለቀቀና ስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች ገባ። ያንኑ ዘዴ አሁን ወደ ጨጓራ አዞረው፦ ሂስታሚን አሲድ እንዲመነጭ የሚያዝ ከሆነ፣ ትእዛዙ የሚደርስበትን ተቀባይ መያዝ። ከዚያ የተገኘው ሲሜቲዲን ነው፤ ጨጓራ የሚያመው ዘመድ ያላችሁ ስሙን ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ሁለቱም መድኃኒቶች በዓለም ላይ በብዛት ከተሸጡት ተርታ ገቡ። ፓተንቱ ግን የኩባንያዎቹ ነበር።

በ1988 ከገርትሩድ ኤልየንና ከጆርጅ ሂችንግስ ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ዝናው ምቾት የሚሰጠው ሰው ግን አልነበረም። በመጋቢት 2010 በ85 ዓመቱ አረፈ።

ፕሮፕራኖሎል ለቀዶ ሕክምና ክፍል አንድ ችግር አለበት፤ ሰውነት ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። ቱቦው ገብቶ ልብ ከተረጋጋ በኋላ ግፊቱ አብዝቶ ቢወርድ መድኃኒቱን መልሶ ማውጣት አይቻልም። ከብላክ በኋላ የመጡ ኬሚስቶች ኤስሞሎልን የሠሩት ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ ነው። ደም ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ወዲያው ይሰባብሩታል፤ በየ9 ደቂቃው ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሐኪሙ ቱቦውን አስገብቶ በፕላስተር አስሮ ሳይጨርስ መድኃኒቱ መጥፋት ይጀምራል።