ከሰብለና ከበዛብህ ጀርባ ያሉት ሰው፦ ሀዲስ ዓለማየሁ

ሰሞኑን አሞራ ገደል ዓሣ ጥብስ አዘን እስኪመጣልን ስንጠብቅ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» የቴሌቪዥን ድራማ የተቆረጠ ቪዲዮ በስልኩ ከፍቶ ያሳየናል። ሌላው ደግሞ ሰብለ ወንጌል እንዲህ አይደለችም፣ መጽሐፉ ይበልጣል ብሎ ድርቅ አለ። አንብበኸዋል ወይ ስንለው ግን ዝም! ለካ የሚያውቀው በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ነው፣ ያውም ግማሹን። ብንቆጠር ከአምስታችን መጽሐፉን ዳር ያደረስነው ሁለት ብቻ ሆንን።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ደራሲው እናውጋችሁ፤ ክርክሩም ከእሳቸው ሕይወት ውጪ አይፈታም።

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ከቄስ አባት ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን ከተከታተሉባቸው ቦታዎች አንዱ ዲማ ጊዮርጊስ ነው። አዎ፣ በዛብህ ሰብለን ፊደል ሊያስተምር የሄደበት ዲማ! ድራማውን የሚሠራ ሰው ዲማን ሄዶ ማየት ይኖርበታል፤ ሀዲስ ግን ቦታውን የሚያውቁት በተማሪነት ኖረውበት ነው።

ከዚያ አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ፣ አስተማሪም ሆኑ። ጣሊያን ሲወርረን ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘመቱ። ከራስ እምሩ ጋር ተማርከውም ወደ ጣሊያን ተወሰዱና በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ። ሰባት ዓመት ገደማ! እኛ ሐይቅ ዳር ለመዝናናት እንቀመጣለን፤ እሳቸው የወጣትነታቸውን ትልቁን ክፍል በባሕር ተከበው ጨረሱት።

ነፃ ወጥተው አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ያለው ረጅም የሥራ ታሪክ ነው፤ ቶሎ እንለፈው። ኢየሩሳሌም፣ ዋሽንግተን፣ ኒውዮርክ፣ ለንደን በዲፕሎማትነት ሠርተዋል፣ የትምህርት ሚኒስትርም ነበሩ።

ዋናው ነገር ይኼ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሀዲስ የ56 ዓመት ሰው፣ የንጉሡም ትልቅ ባለሥልጣን ናቸው። መጽሐፋቸው ውስጥ ግን በዘሩ የሚኮራው ፊታውራሪ መሸሻ መሳቂያ ይሆናል። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ያምጹበታል። ጉዱ ካሳ ደግሞ የመኳንንት ዘመድ ሆኖ ሳለ ሥርዓቱን ሲተች ይውላል፤ ሰሚ ሲያጣም ብቻውን እያወራ ይሄዳል። አብዮቱ የፈነዳው መጽሐፉ ከወጣ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲህ መጻፍ ቀላል ድፍረት አይደለም። የፍቅር ታሪክ ብቻ ነው ብላችሁ ካያችሁት ግማሹ አምልጧችኋል።

ፊልም የሚቸገረውም እዚህ ጋ ይመስለናል። የሰብለን ውበት ካሜራ በአንድ አፍታ ያሳያል፣ የዓባይን በረሃ ደግሞ ከብዙ ገጽ በተሻለ ሊያሳይ ይችላል። ጉዱ ካሳ ገጽ ሙሉ የሚያስበውን ነገር ግን ተዋናይ እንዴት ያድርገው? ሁሉን ይናገር ከተባለ ድራማው ይቆማል፣ ይቆረጥ ከተባለ ሰውዬው እንዲያው እብድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መጽሐፉ ደግሞ በዛብህ ሳይወለድ፣ ከነቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ትዳር ነው የሚጀምረው። ልጁ ለምን ለቤተ ክርስቲያን እንደተሳለ በደንብ ያልገባው ተመልካች፣ ሰብለን ሲወድ ምን እንደሚያስጨንቀው በምን ያውቃል?

ግን የጓደኛችንን ክርክር የሚያፈርስ ሌላ ነገር አለ። በሬዲዮ የተላለፈው የወጋየሁ ትረካም እኮ ራሱ ከመጽሐፉ የተሠራ ሌላ ሥራ ነው! ለፊታውራሪው የሰጠው ድምፅ፣ ለጉዱ ካሳ የሰጠው አነጋገር የወጋየሁ ምርጫ ነው። ብዙዎቻችን ድራማውን የምናወዳድረው ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን ከዚያ ድምፅ ጋር ነው። አዲስ ተዋናይ በምንም ቢመጣ ጆሯችን ቀድሞ ተይዟል።

ሀዲስ ራሳቸውም የድምፅ ነገር ያሳስባቸው ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ጠብቀው በሚነበቡ ፊደሎች አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «እስካሁን» አንባቢው እንዳይሳሳት። በየሆሄው የተጨነቁት አንባቢው ቃሉን አስተካክሎ እንዲሰማው ነው። ይኼን ነጥብ ትረካም ፊልምም አያሳያችሁም።

ኋላ ላይ ደርግ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሁኑ ቢላቸው እምቢ ብለዋል። «ወንጀለኛው ዳኛ»ን እና «የልምዣት»ን ጻፉ። እነዚህን እንኳ ስንቶቻችን እናውቃቸዋለን? በኅዳር 1996 ዓ.ም. ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው ዐረፉ።

የቶልስቶይ «አና ካሬኒና» በተለያዩ አገሮች ስንት ጊዜ ተቀርጿል! የእኛም ሰብለ ሌላ ጊዜ በሌላ ፊት መምጣቷ አይቀርም። ያ ጓደኛችን ደግሞ መጽሐፉን ከአንዳችን ተውሶ ሄዷል፤ ትናንት ስንጠይቀው ገና ቦጋለ መብራቱ ጋ ነው።