ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፦ በጉልተኞች መንግሥት ውስጥ የለውጥ ደራሲ

የአንድን ደራሲ ሥራ ከኖረበት የኅብረተሰብ ሥርዓትና ከቆመበት መደብ ነጥሎ መመዘን ወደ ተሳሳተ ድምዳሜ ያደርሳል። ስለሆነም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ስናነሣ ለውዳሴም ሆነ ለውግዘት አንቸኩልም።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ሞቱባቸው። የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን ይዘው እንጦጦ ራጉኤል ደረሱ፤ ብዕራቸውም ከቤተ መንግሥት አስገባቸው። በ1903 ዓ.ም. ለጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ከተላኩት መልእክተኞች መካከል ነበሩ። በኋላም የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሹም፣ የልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ሹመቱ ብዙ ነው፤ እኛን የሚያሳስበን ግን ሌላው ሥራቸው ነው።

በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ቈጥረው አሳተሙ። ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤትም አቋቋሙ። (የደራሲው ስም በሽፋኑ ላይ ሲቀር፣ ፊደሉን በጣቱ የለቀመው ሠራተኛ ስም እንዳልተጻፈ ልብ ይሏል።) በ1923 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዳቸው ሕፃናትን የመዳር ልማድ ተቃወሙ። በ1925 ዓ.ም. የወጣው «አዲስ ዓለም» ደግሞ አወቀ የተባለ ወጣት በፓሪስ ተምሮ ሲመለስ በተዝካርና በጋብቻ ልማድ ከዘመዶቹ ጋር እንዴት እንደ ተጋጨ ይተርካል። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ገበሬ ለሙት ድግስ በሬውን ይሸጥ፣ ከአራጣ አበዳሪ ደጃፍ ይቆም እንደ ነበር የቀበሌ ማኅበር አባላት ከወላጆቻቸው ሰምተዋል። ኅሩይ በዚህ ዕዳ ላይ ብዕራቸውን ማንሣታቸው ተራማጅ ተግባር ነው እንላለን።

ሆኖም ድግሱን የነቀፈው ብዕር ጉልቱን አልነካም። ገበሬውን ያደኸየው ተዝካር ብቻ ነበርን? ግብሩን፣ አሥራቱንና የጌታውን እርሻ ማን ጫነበት? መሬት የማን ነው የሚለው ጥያቄ የልብ ወለዱ ማዕከል አልሆነም፤ በአዋጅ የተመለሰውም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደራሲው በሞቱ በ36 ዓመት ነው። ኅሩይ ሥልጣኔ ከዙፋን ወደ ታች የሚወርድ መስሏቸው ነበር። በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኝነት ሄደው መጽሐፍ የጻፉላት ጃፓንም ይህንኑ እምነታቸውን አጠናከረችላቸው ብለን እንገምታለን።

የፋሽስት ወረራ ሁሉንም አቋረጠው። ሰፊ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው ገና በማተሚያ ቤት ሳለ ጠላት ገባ። ኅሩይም በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው፣ አገራቸው በጠላት እጅ እንዳለች መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ አረፉ።