ፕላዝማን ሊገሩ የተነሡት ሊቅ

ሌቭ አርትሲሞቪች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ሞስኮ ተወለዱ። ገና በ19 ዓመታቸው ከሚንስክ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። ከ1951 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የፀሐይን ዓይነት ኃይል በምድር ለማግኘት የሚደረገውን ሙከራ መሩ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሃይድሮጂን በሚሊዮን ዲግሪ ሲግል ፕላዝማ ይሆናል፤ ፕላዝማን የሚችል ዕቃ ደግሞ የለም። ስለዚህ ቶካማክ በሚባል፣ እንደ ቀለበት በዞረ መሣሪያ ውስጥ ግድግዳ እንዳይነካ በማግኔት ይያዛል። እሱ ግን አርፎ መች ይቀመጣል! ይጣመማል፣ ይንሸራተታል፣ ግድግዳ ነክቶ ይቀዘቅዛል። በእሳቸው ቲ-3 ቶካማክ ላይ የመዳብ ሽፋን ነበረ፤ ፕላዝማው ሲንሸራተት በመዳቡ ላይ የሚነሣው ኤሌክትሪክ መልሶ ይገፋዋል።

በ1968 ኖቮሲቢርስክ ላይ ወደ 10 ሚሊዮን ዲግሪ መድረሳቸውን ሲናገሩ ብዙ የምዕራብ ሊቃውንት ተጠራጠሩ። እኛ ሰውየውን የምናደንቃቸው እዚህ ላይ ነው። አልተቆጡም፤ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የራሳቸውን የሌዘር መለኪያ ይዘው ሞስኮ እንዲመጡ ተደረገ። በዚያ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን! በ1969 ለክተው እውነት ሆኖ ተገኘ። አሜሪካኖችም ፊታቸውን ወደ ቶካማክ አዞሩ።

በመዳቡ ላይ የሚነሣው ኤሌክትሪክ ግን ቶሎ ይከስማል። በኋላ የመጡት ቶካማኮች ስለዚህ እንደ ሊማሊሞ ሾፌር ይሠራሉ። ወደ ድብ ባሕር ሲወርድ መኪናው ዘንበል ባለ ቁጥር መሪውን መለስ ያደርግ የለ? እዚያም መለኪያው ፕላዝማው የት እንዳለ ያያል፣ ኮምፒዩተሩ ያሰላል፣ የማግኔቱ ኤሌክትሪክ ወዲያው ይስተካከላል። ይህ ሁሉ በሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ነው።

አርትሲሞቪች በ1973 በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። ጨረቃ ላይ አንድ ጉድጓድ በስማቸው ይጠራል።