ጆን አለንና የምድር ቤቱ ሐዲድ

በአሜሪካ የባቡር ሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ስሙ እጅግ የገነነው ጆን አለን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. በሚዙሪ ግዛት፣ በእርሳስና በዚንክ ማዕድኗ በታወቀችው በጆፕሊን ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሙያው ፎቶግራፍ አንሺነት ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሊፎርኒያ ጠረፍ በምትገኘው በሞንተሬይ ከተማ ኖረ። ስሙን ያስጠራው ግን አንድም መንገደኛ ያልተሳፈረበት የባቡር መሥመር ነው።

መሥመሩ ከእውነተኛው ባቡር በ87 እጅ ያነሰ ነበር፤ በዚህ ልክ ቁመቱ 1.74 ሜትር የሆነ ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጎሪ ኤንድ ዲፊትድ የተባለው ስሙ፣ በጽሑፍ ሲታይ የሁለት ከተሞች ስም ይመስላል፤ ድምፅ አሰምቶ ላነበበው ግን በደም የተጨማለቀና ድል የተመታ ማለት ነው። አለን እንዲህ ያለ ቀልድ ይወድ ነበር። ፉርጎዎችን የምታቀናጅ፣ ቁጥር 13 የተሰጣት፣ ኤማ የተባለች ዳይኖሰር እንኳ በመሥመሩ ላይ አሰማርቶ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራው ከአንድ ጠረጴዛ ብዙም የማይበልጥ ነበር። ይህንኑ ሳይጥል፣ በ1950ዎቹ ዓመታት በመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት መዘርጋት በጀመረው በሦስተኛውና በትልቁ መሥመር ውስጥ አካተተው። ገደሎቹ ከወለሉ ተነሥተው ተራሮቹ ከተመልካቹ ዓይን በላይ ይወጡ ነበር። በዘመኑ ብዙዎች ሎኮሞቲቫቸውን ከፋብሪካ እንደ ወጣ አብረቅርቀው ሲያሳዩ፣ አለን ዝገቱን፣ ጥላሸቱንና አቧራውን በቀለም ይጨምርበት ነበር። ሩቅ መምሰል ያለባቸውን ቤቶች አሳንሶ ይሠራል፤ ቦታ ሲጠበው ደግሞ መስታወት አቁሞ ከተማውን እጥፍ ያስመስለዋል። ይህ ሁሉ የፎቶግራፍ አንሺ ዓይን ውጤት መሆኑ አያጠራጥርም።

ስለ እርሱ የጻፉት አብዛኞቹ የሚያደንቁት ይህንኑ ውበት ነው። ለመሐንዲስ ግን ይበልጥ የሚደንቀው አሠራሩ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር በ87 ሲካፈል 11 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ስለዚህ የቱንም ያህል ሰፊ ምድር ቤት ቢገኝ ሁለት ጣቢያዎች በጥቂት እርምጃ ብቻ ይራራቃሉ፤ ባቡሩም ገና ተነሣ ሲባል ይደርሳል። ርቀትን ማሳነስ ይቻላል፤ የሰዓትን ጉዞ ግን ማንም አያሳንሰውም። መፍትሔው ከተለመደው ፈጥኖ የሚዞር ሰዓት ነበር። ጓደኞቹ ተሰብስበው በዚሁ ሰዓትና በጉዞ ሠሌዳ መሠረት፣ አንዱ ጭነት ሲያደርስ ሌላው መንገድ እየለቀቀ፣ እንደ እውነተኛ የምድር ባቡር ሠራተኞች ይሠሩ ነበር። አለን መሥመሩን የዘረጋው ለዕይታ ብቻ ሳይሆን ለሥራ ነበር ማለት ነው።

ይህንኑ አስተሳሰብ በ1972 ዓ.ም. ባወጣው ጨዋታ ውስጥ አጠቃሎታል። ጨዋታው አምስት የሐዲድ መቀየሪያዎችና እጅግ አጫጭር ቅርንጫፍ ሐዲዶች ብቻ አሉት። ተጫዋቹ ፉርጎዎቹን በአጭር ጊዜ ወደየቦታቸው ማድረስ አለበት፤ ሐዲዶቹ ሆን ተብለው ስላጠሩም አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማስወጣት ግድ ይሆንበታል። ቀላል የሚመስለው ነገር ሲሞከር ያስልባል።

ጆን አለን ጥር 6 ቀን 1973 ዓ.ም. በ59 ዓመቱ በልብ ሕመም በድንገት ሞተ። መሥመሩ ገና አላለቀም ነበር። በአሥረኛው ቀን ቤቱ ላይ እሳት ተነሥቶ የብዙ ዓመት ድካሙን አብዛኛውን አወደመው፤ ከእሳቱ የተረፈው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አለን ተራራውን፣ ድልድዩንና ጣቢያውን ሁሉ እየሠራ ፎቶግራፍ ያነሣ፣ ዘዴውንም ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ በመጽሔት ይጽፍ ነበር። ሞዴል ሬይልሮደር የተባለውን መጽሔት ለረጅም ጊዜ ያዘጋጀው ሊን ዌስትኮት እነዚህን ፎቶግራፎችና ጽሑፎች አሰባስቦ ስለ መሥመሩ መጽሐፍ አዘጋጀ። መጽሐፉ በ1981 ዓ.ም. ሲታተም ዌስትኮትም አርፎ ነበር።