ነጩን ቅጠል ያሳየን ሰው
(የሮበርት ዉድ ሕይወትና ለወሎ የተረፈው ነገር)

ከጋዜጠኝነት 2ኛ ዓመት ተማሪ

የታዋቂ ሰው ታሪክ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚቀርብልን ንጉሥ፣ የጦር መሪ ወይም ደራሲ ነው። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ግን አንድ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ፊዚክስ አለ ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ! ሰውዬው ፎቶግራፍ አንሺ፣ ሠዓሊና የልጆች መጽሐፍ ደራሲ ከመሆኑም በላይ አንድ ሰሞን እንደኛው ዘገባ ጽፎ ለጋዜጣ የላከ ሰው ነው። ስሙ ሮበርት ዊልያምስ ዉድ ይባላል።

ለምን እሱን መረጥክ ለሚለኝ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው የግል ነው። እኔ ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፈው በአሮጌ፣ በእጅ በሚዞር ሌንስና በኢንፍራሬድ ካሜራ የመልክዓ ምድር ፎቶ በማንሳት ነው። የዚህ ዓይነቱ ፎቶ አባት ደግሞ ዉድ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ሁላችንንም ይመለከታል። ዓይን የማያየውን ነገር አየሁ የሚል ሰው ሲመጣ እውነተኛውን ከውሸተኛው እንዴት እንለያለን? የዉድ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው። (በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ዉድ የተወለደው በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኮንኮርድ በምትባል ከተማ ሚያዝያ 25 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ቀኑን በኛ አቆጣጠር የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ 19 ቀን ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠውተዋል። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች ካሜራ ይዘው ነበርና የመቅደላን አምባና የወሎን ገደላ ገደል አንስተው ሄደዋል። በዚያን ዘመን ፎቶ የሚነሳበት የተቀባ መስታወት ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃንን እንጂ ቀዩን አያውቀውም። በዚህ የተነሣ ሰማዩ ሁልጊዜ እንደ ባዶ ወረቀት ነጭ ሆኖ ይወጣል። በዚያው ወር የተወለደው ሕፃን አድጎ ያንኑ ሰማይ እንደ ጥላሸት ጥቁር አድርጎ እንደሚያሳይ ማን ያውቅ ነበር?

አባቱ ሐኪም ነበሩ። ቦስተን አጠገብ በነበረው ቤታቸው ጎረቤት የአየር መንፊያ ማሽን የሚሠራ ፋብሪካ ነበረና ትንሹ ሮበርት እንደልቡ እየገባ ከመሣሪያዎቹ ጋር ይጫወት ነበር። ከሠራተኞቹ ያየው የእጅ ሙያ ዕድሜ ልኩን አልተለየውም። በ1891 ከሀርቫርድ ተመረቀ፣ በማግስቱ ዓመት ትዳር ያዘ፣ በ1894 ደግሞ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ በርሊን አቀና። የሄደው ኬሚስትሪ ሊማር ነበር፤ እዚያ ግን ልቡ ወደ ፊዚክስ ሸፈተ።

በርሊን ሳለ ነው እንግዲህ የኛን ሙያ የቀመሰው። በዚያ ጊዜ ኦቶ ሊሊየንታል የሚባል ጀርመናዊ በጨርቅና በእንጨት የተሠራ ክንፍ ታጥቆ ከጉብታ ላይ እየተንሸራተተ ይበር ነበር። ዉድ በ1896 ክረምት ካሜራውን ይዞ ሄዶ አነሳው፤ ያየውንም ጽፎ ቦስተን ለሚታተም ጋዜጣ ላከ። ቀናት አለፉና ሊሊየንታል ከነክንፉ ወድቆ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሞተ። የዉድ ፎቶዎች ሰውዬው በሕይወት እያለ ከተነሡት የመጨረሻዎቹ መካከል ሆኑ።

ወደ አገሩ ተመልሶ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ደግሞ በብርድ የረጋ የውኃ ቧንቧን መሬት ሳይቆፈር በኤሌክትሪክ የሚያቀልጥ ዘዴ አገኘ። በ1901 ባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረና እስከ ዕለተ ሞቱ የዚያ ሰው ሆኖ ቀረ። ክረምት ክረምት ግን ሎንግ አይላንድ በነበረው የገጠር ቤቱ ጎተራ ውስጥ ይሠራ ነበር። ብርሃንን በየቀለሙ የሚተነትንበት ረጅም ቱቦ ሸረሪት ሲያደራበት ድመቱን በአንዱ ጫፍ አስገብቶ በሌላው እያስወጣ ያስጠርግ እንደነበር ይነገርለታል። በ1907 ደግሞ ወፎችን ከአበቦች እንዴት እንደሚለዩ የሚያስቅ የልጆች መጽሐፍ፣ ግጥሙንም ሥዕሉንም ራሱ ሠርቶ አሳተመ። ባጭሩ ቀልደኛ ሰው ነበር።

ያልነበረው ጨረር

ቀልደኛነቱ ግን ውሸትን ዝም ብሎ አያሳልፍም። በ1903 ብሎንድሎ የሚባሉ የተከበሩ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ናንሲ ከተማ ውስጥ አዲስ ጨረር አገኘሁ አሉ። ለከተማቸው ክብር ብለውም ኤን-ጨረር የሚል ስም ሰጡት። ጨረሩ ሲያርፍበት ደብዛዛ ብልጭታ በጥቂቱ ይደምቃል፤ ይህንን የሚያየው ደግሞ ጨለማ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው በዓይኑ ነው። ኤክስ ሬይ ከተገኘ ገና 8 ዓመቱ ስለነበር ሰው ሁሉ አዲስ ጨረር ለማመን ዝግጁ ነበር። በደርዘን የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች እኛም አየን እያሉ ጻፉ። ሌሎች ደግሞ ቢሞክሩ ቢሞክሩ ምንም አላዩም። ዉድ ከማያዩት ወገን ነበር።

በመስከረም 1904 ናንሲ ድረስ ሄደ። ፕሮፌሰሩ በመልካም መስተንግዶ ተቀብለው ሙከራውን አሳዩት። ጨረሩን ይበትነዋል የተባለው የአሉሚኒየም ፕሪዝም በመሣሪያው መሐል ተቀምጧል። ዉድ ጨለማውን ተገን አድርጎ ፕሪዝሙን ቀስ ብሎ አነሳው። ፕሮፌሰሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጥሮቹን ማንበባቸውን ቀጠሉ! ዉድ ያየውን ጽፎ ለኔቸር መጽሔት ላከ፤ ጽሑፉ በዚያው ወር መጨረሻ ወጣ። ከፈረንሳይ ውጪ የኤን-ጨረር ነገር በዚያው አከተመ።

ልብ በሉ፣ ብሎንድሎ አጭበርባሪ አልነበሩም። ማየት የፈለጉትን ነው ያዩት። ይህ በሳይንቲስት ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም። አንድ ዘጋቢ ርዕሱን ቢሮው ጽፎ ወደ ቦታው ቢሄድ እሱም ፕሪዝሙ ቢነሳበት አይነቃም።

ነጩ ቅጠልና ጥቁሩ ሰማይ

ይኸው ሰው ነው እንግዲህ ከ6 ዓመት በኋላ የማይታይ ብርሃን አሳያችኋለሁ ብሎ የተነሳው። ከቀይ ቀለም ወዲያ ዓይን የማያየው ብርሃን መኖሩ ከ1800 ጀምሮ ይታወቃል፤ ዊልያም ኸርሸል በቴርሞሜትር ነው ያገኘው። በዚያ ብርሃን አገር ምድሩ ምን እንደሚመስል ግን በፎቶ ያሳየ አልነበረም። ዉድ የሚታየውን ብርሃን የሚከለክልና ኢንፍራሬዱን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ አዘጋጀ፤ ቀይ ብርሃን እንዲገባው ተደርጎ የተቀባ መስታወት ካሜራው ውስጥ ከተተ፤ በጠራራ ፀሐይም ለደቂቃዎች ክፍት አድርጎ ተወው። ፎቶዎቹን በ1910 ለንደን የሚገኘው የሮያል ፎቶግራፊክ ሶሳይቲ መጽሔት አወጣቸው።

ያዩት ሰዎች ተገረሙ። ሰማዩ ጥቁር፣ ዛፉና ሣሩ በረዶ እንደወረደበት ነጭ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰማይን ሰማያዊ የሚያደርገው የተበተነ ብርሃን ውስጥ ኢንፍራሬድ እምብዛም የለም፤ ስለዚህ ይጠቁራል። ቅጠል ደግሞ ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ለምግቡ ይመጠዋል፤ ኢንፍራሬዱ ግን አይጠቅመውም፤ በውስጡ ያሉት ሴሎችና የአየር ክፍተቶች ወዲያ ወዲህ እያላተሙ ይመልሱታል። ይህ ነገር እስከ ዛሬ በስሙ የዉድ ውጤት ይባላል። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሁሉ ስሙ ከእንጨት የመጣ ይመስለዋል እንጂ የሰውዬው ስም ነው።

ከዚያም በተቃራኒው፣ ከሐምራዊ ወዲያ ባለው በአልትራቫዮሌት ጨረቃን አንስቶ በዓይን የማይለይ ጥቁር ቦታ አገኘባት። የሠራው ጥቁር የሚመስል መስታወት ደግሞ በኋላ የሐኪም መብራት ሆነ። የቆዳ ሐኪሞች አንዳንድ ዓይነት ቆረቆር የሚለዩበት መብራት ዛሬም የዉድ መብራት ይባላል። ዉድ በ1955 በ87 ዓመቱ ዐረፈ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ብሎንድሎም ዉድም የማይታይ ነገር አየን አሉ። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? የብሎንድሎ ማስረጃ ያመነ ሰው ዓይን ነበር። የዉድ ግን ማንም አንስቶ የሚያየው ፎቶ ነው፤ ማጣሪያውንና አሠራሩን ስለተናገረም የተጠራጠረ ሁሉ ደግሞ መሞከር ይችላል። እኔም ከ100 ዓመት በላይ ቆይቼ ሞከርኩት፣ ሠራልኝ።

ግሸን ላይ

አሠራሩ ዛሬ ቀሏል። በአብዛኞቹ ዲጂታል ካሜራዎች ውስጥ ኢንፍራሬድን የሚከለክል ቀጭን መስታወት አለ። እሱ ተነቅሎ ከ720 ናኖሜትር በላይ ያለውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ሲገባለት ካሜራው የዉድ ካሜራ ይሆናል። አሮጌ ሌንስ የሚፈለገው ደግሞ ለጌጥ አይደለም። ኢንፍራሬድ በሌንስ ሲያልፍ ጥርት የሚልበት ርቀት ከተለመደው ብርሃን ትንሽ ይለያል። የድሮዎቹ ኒኮርና ታኩማር ሌንሶች ላይ ለዚህ የተቀመጠ ቀይ ምልክት አለ። መጀመሪያ በደንብ ታስተካክላለህ፣ ከዚያ ያገኘኸውን ርቀት ወደ ቀዩ ምልክት ታዞረዋለህ፣ አለቀ። ብዙዎቹ አዳዲስ ሌንሶች ይህ ምልክት የላቸውም።

የሠፈሬ ልጅ በውሰት የሰጠኝን እንዲህ ያለ ካሜራ ይዤ አምባሰል ወርጄ ግሸንን አነሳሁ። ግሸን በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ አምባ መሆኑን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ እንዳረፈበት ቤተ ክርስቲያን እንደምታስተምርና በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአቅጣጫው እንደሚጎርፉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ የነገሥታት ልጆች በግዞት የሚቀመጡበት ቦታ ነበር። በኢንፍራሬድ ሲታይ ገደሉ ጠቆር ብሎ ንብርብሩ ይለያል፣ ከሩቅ ተራሮች ላይ ጭጋጉ ይገፈፋል፣ ጽዱና ወይራው ነጭ ሆኖ ከጥቁሩ ሰማይ ሥር ይቆማል። እውነቴን ነው፣ በዓይኔ ካየሁት አምባ ይልቅ ፎቶው የበለጠ ግሸንን ግሸን አደረገው።

ያንን ፎቶ ለአያቴ አሳየኋቸው። ረጅም ሰዓት ካዩት በኋላ ዛፉን ምን ነካው፣ ውርጭ ነው ወይስ ደርቆ ነው ብለው ጠየቁኝ። አለመሆኑን፣ እንዲያውም ነጭ የሆነው ለምለም ስለሆነ መሆኑን አስረዳኋቸው። እሳቸውም ዝም ብለው አልተቀበሉኝም። የኛን አገር በፎቶ ሲያዩት የኖሩ ሰዎች ይህንን ቢያዩ ምን እንደሚሉ አስበህበታል ወይ ዓይነት ጥያቄ አነሱብኝ። ለሰው የምታሳይ ከሆነ ከሥሩ ጻፍበት አሉኝ።

አባባል ብቻ አይደለም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር ኮረም ላይ ያነሳውን ፊልም ቢቢሲ ሲያሰራጨው ዓለም ለእርዳታ ተነሳ። ፊልሙ እውነት ነበር፤ የብዙ ሰው ሕይወትም ተርፎበታል። ነገር ግን ወሎ በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ከዚያ ምስል ጋር ተጣብቃ ቀረች። የዝናብ ዓመትም፣ ለምለም ሸለቆም ያላት አትመስላቸውም። እንዲህ ባለ አገር ላይ ዛፍን ነጭ አድርጎ የሚያሳይ ፎቶ ያለ መግለጫ መልቀቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዉድ ወደ ወሎ

የሚገርመው ደግሞ ነጩ ቅጠል ራሱ ለወሎ የተረፈ መሆኑ ነው። ከ1972 ጀምሮ ላንድሳት የተባሉ ሳተላይቶች ምድርን በሚታየውም በኢንፍራሬድም ብርሃን ያነሳሉ። ለምለም ቅጠል ኢንፍራሬዱን ብዙ ይመልሳል፣ ቀዩን ይመጣል፤ ውኃ የጠማው ሲሆን ይህ ልዩነት ይጠባል። ሁለቱን በማነጻጸር ድርቅ የት እየገባ እንደሆነ ከሰማይ ማወቅ ይቻላል። የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ ተከትሎ አሜሪካ በ1985 ያቋቋመችው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ይህንኑ ልኬት ለሥራው ተጠቅሞበታል። ዉድ ለመደነቅ ያነሳው ነጭ ዛፍ እህል ሳይጠፋ በፊት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። እርግጥ ማስጠንቀቂያ ብቻውን እህል አይሆንም፤ ሰምቶ የሚነሳ ሰው ይፈልጋል።

ለኛስ?

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከዚህ ሰው የምንማረው ፎቶ ማንሳት ብቻ አይመስለኝም። ናንሲ ላይ ፕሪዝሙን ያነሳው እጅና ማጣሪያውን የሠራው እጅ አንድ ነው። በሰው ማስረጃ ላይ የጠየቀውን ጥያቄ በራሱም ላይ አስጠይቋል፤ እንዴት እንዳየ ሳይደብቅ ተናግሯል። ለዚህ ነው የግሸንን ፎቶ በክፍላችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለጥፈው ከሥሩ በአማርኛ ይህንን የጻፍኩበት፦ ግሸን፣ አምባሰል፤ በኢንፍራሬድ ካሜራ የተነሳ፤ ነጭ የሚታየው ለምለም ቅጠል ነው።

ስታልፉ ቆም ብላችሁ እዩት። አስተያየት ያለው ሰው ካለ ደግሞ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍልን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!