ድሜጥሮስና የ532 ዓመቱ ቍጥር

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ለሚያከብርበት ለዚህ መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ ከሒሳብ ትምህርታችን ጋር የሚስማማ ሰው ፈለግን። በመጀመሪያ ያሰብነው ፈረንሳዊውን ፓስካልን ነበር። ኋላ ግን ነገሮች በስንት ዓይነት ሊገጣጠሙ እንደሚችሉ የመቍጠር ጥበብ በየቤታችን ግድግዳ በተሰቀለው የቀን መቍጠሪያ ውስጥ እንዳለ አስተዋልን። ስለዚህ ባሕረ ሐሳብ በስሙ የሚጠራለትን የእስክንድርያውን ድሜጥሮስን መረጥን።

ድሜጥሮስ በግብፅ አገር የወይን ቦታ የሚያለማ ገበሬ ነበር። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ እንደሚነገረው ባለትዳርና ፊደል ያልቈጠረ ሰው ነው። ሊቀ ጳጳሳቱ ዩልያኖስ ሊያርፍ በተቃረበ ጊዜ፣ ያለ ወራቱ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣ ሰው ወንበሩን እንደሚወርስ በራእይ ተነገረው ይባላል። ድሜጥሮስም ከአትክልቱ መካከል ያለ ጊዜው ያፈራ ዘለላ አግኝቶ በረከት ለመቀበል ይዞ ቢመጣ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ189 ዓ.ም. 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ተሾመ። ባለ ሚስት ነው ብለው ያጕረመረሙ አልጠፉም፤ እርሱና ሚስቱ ግን በድንግልና ይኖሩ እንደ ነበር ለማስረዳት ፍም በልብሳቸው ታቅፈው ልብሱ አልተቃጠለም ይባላል። እኛ የሰማነውን እናስተላልፋለን።

የሹመቱ ጭንቅ ሌላ ነበር። ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ትንሣኤ ከእሑድ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ይመኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መንገድ አይሄዱም። የአገራችን ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት በሌሊት 23፣ በቀን 7 ሱባዔ ገባ። 23 ጊዜ 7፣ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ተባለ። 7 ጊዜ 7፣ 49 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይህም መጥቅዕ ተባለ። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሞላሉ።

አሁን ወደ ክፍላችን ትምህርት እንመለስ። በጋሞ አገር የሚሸመነው ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቍር ቀለም አለው። ሸማኔው ሦስቱን በተራ ሲያሰልፍ ለመጀመሪያው ቦታ 3፣ ለሁለተኛው 2፣ ለመጨረሻው 1 ምርጫ አለው፤ ሲባዛ 6 ይሆናል። ይህ ፐርሙቴሽን የሚባለው ነው። ተራውን ትተን ከሦስቱ ቀለም ሁለቱን ብቻ ብንመርጥ ግን 3 ዓይነት ብቻ እናገኛለን፤ ይህም ኮምቢኔሽን ነው። የባሕረ ሐሳብ ጥያቄ የእነዚህ ዘመድ ነው። ዘመን መለወጫ የሚውልበት ዕለት ከ7ቱ አንዱ፣ ወንጌላዊው ከ4ቱ አንዱ፣ የጨረቃው ወንበር ከ19ኙ አንዱ ነው። 7 ጊዜ 4፣ 28፤ 28 ጊዜ 19፣ 532 ይሆናል።

ነገር ግን ማባዛት ብቻውን አይበቃም፤ እኛም የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው በየ4 ቀኑ፣ ሌላው በየ6 ቀኑ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ቢወርዱና አንድ ቀን ቢገናኙ፣ ዳግመኛ የሚገናኙት በ24ኛው ሳይሆን በ12ኛው ቀን ነው፤ 4ና 6 ሁለቱም ለ2 ይካፈላሉና። የዘመን መለወጫ ዕለት ግን በ4 ዓመት 5 ቀን ስለሚራመድ፣ ከዚያው ወንጌላዊ ጋር የሚገጥመው 7 ጊዜ 4 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። 28ና 19ም ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ከ532ቱ መገጣጠሚያ አንዱ እንኳ ሳይቀር፣ አንዱም ሳይደገም ይመጣል። ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር ይሉታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ትንሣኤ የሚውለው ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባሉት 35 ቀኖች ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም የድሜጥሮስ እጅ ሥራ አይደለም። የ19 ዓመቱን ዑደት የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት አስታውቆት ነበር፤ 532ቱን ያቀናው ደግሞ ከድሜጥሮስ በኋላ በ5ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ገደማ በእስክንድርያ የነበረ አንያኖስ የሚባል መነኵሴ ነው ይላሉ የታሪክ ጸሐፊዎች። የብዙዎች ድካም በአንድ ገበሬ ስም መጠራቱ ለእኛ ቅር አላሰኘንም።

ድሜጥሮስ ጠንካራ ሹም ነበር። በንጉሥ ሴፕቲሚዮስ ሴቬሮስ ስደት ጊዜ የእስክንድርያን ትምህርት ቤት ገና 18 ዓመት ገደማ ለሆነው ለኦሪገን አደራ ሰጠ፤ ኋላ ግን ኦሪገን ያለ ፈቃዱ በሌላ አገር ቅስና ስለ ተቀበለ ከከተማው አስወጣው። ታላቁን ተማሪ ያሳደገውም ያባረረውም እርሱ ነው። 43 ዓመት ያህል በመንበሩ ቈይቶ በ232 ዓ.ም. ዐረፈ። መታሰቢያው ጥቅምት 12 ነው።

እኛም ስሌቱን ፈተንነው። በ2016 ዓ.ም. ዘመኑ ዮሐንስ፣ መስከረም 1 ማክሰኞ፣ ወንበሩ 10 ነበር፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 27 ዋለ። 532 ብንቀንስ 1484 ዓ.ም. ላይ ደረስን፤ ዐፄ እስክንድር የነበሩበት ዘመን ነው። ወንጌላዊው፣ ዕለቱ፣ ወንበሩ፣ ትንሣኤውም አንድ ሆኖ አገኘነው። 2548 ዓ.ም.ም እንዲሁ ነው፤ እርሱን ግን ሦስት ጊዜ ሠራነው፤ ከመካከላችን አንዱ በ19 ሲገድፍ እየሳተ አስቸግሮን ነበር።